ፍሬው ወደ አዲስ አበባ፣ ለስላሳው ወደ ሸዋ ሮቢት

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ደብረ ሲና ላይ ጋቢውን ያጣጥፋል፤ አርማንያ ላይ ሹራቡን ያወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የመኪናውን መስኮት ሁሉ ያስከፍታል። ከአዲስ አበባ በደሴ መስመር 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በቀወት ወረዳ የምትገኘው ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 280 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ከእርሷ አልፎ በጀውሃ፣ በሰንበቴ፣ በአጣዬና በካራቆሬ የሚዘልቀው የይፋት ቆላ የሮቢ፣ የጀውሃና የአጣዬ ወንዞች የሚያጠጡት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ማሾ፣ ማንጎና ፓፓያ፣ ሙዝ፣ ሎሚና ብርቱካን የሚያበቅል ምድር ነው። ትምባሆም ይበቅልበታል፤ የእርሱን ጉዳይ ለሌላ ቀን እናቆየው።

መኪና በሚቆምበት ሁሉ ማንጎ በሳህን፣ ፓፓያ በነጠላ፣ ሽንኩርት በከረጢት ተደርድሮ ይቀርባል። መንገደኛው ይገዛል፤ ጭነት መኪናውም ይጭናል። ከሻጮቹ ጀርባ ባሉት ሱቆችና ምግብ ቤቶች ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን ተደርድሮ የሚታየው ከፋብሪካ የመጣ ለስላሳ መጠጥ ነው። ፍሬው ሽቅብ ይወጣል፤ ጠርሙሱ ቁልቁል ይወርዳል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

በአሁኑ ጊዜ በከተሞቻችን የጁስ ነገር ፋሽን ሆኗል። ጁስ ቤቶች በየመንደሩ ተከፍተዋል፤ የጁስ መምቻ ማሽን የሙሽሮች ስጦታ እስከ መሆን ደርሷል፤ በእጅ ስልኮችም ቀይ ሥርና ካሮት፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ተፈጭተው ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለኩላሊት «ፍቱን መድኃኒት» ናቸው የሚሉ መልእክቶች ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታሉ። ሰው ስለሚበላውና ስለሚጠጣው ማሰብ መጀመሩ በራሱ መልካም ነው። ጥያቄያችን ይህ ፍላጎት ፍሬውን ለሚያመርተው ቤተሰብ ምን አመጣለት የሚል ነው። የይፋት አርሶ አደር ጤናው የሚሻሻለው ማሽን በመግዛት ነው ወይስ ከጓሮው ቆርጦ ለገበያ ከሚያወጣው ፍሬ ለልጆቹ ድርሻ በማስቀረት?

የዚህ ገጽ አቋም ሁለተኛው ነው። ጁስን አንቃወምም፤ ከጁሱ በፊት ግን ፍሬው ይበላ እንላለን። ምክንያታችንንም እንዘረዝራለን።

የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች መንስኤዎች ላይ ባካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከተጠየቁት አዋቂዎች ከመቶ 97 በላይ የሚሆኑት የሚመከረውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይመገቡ ታውቋል። የሚመከረው መጠን በቀን ቢያንስ 400 ግራም ነው። በሰው ቋንቋ ሲነገር አንድ መካከለኛ ማንጎ፣ አንድ ቁራጭ ፓፓያና ከእንጀራው ጋር የሚቀርብ ጎመን ወይም ሰላጣ እንደ ማለት ነው። ለደጋው ሰው ይህ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ለቀወት ሰው ግን ከደጃፉ የማይርቅ ነገር ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በወቅቱ ሀገራዊው አማካይ 38 በመቶ ነበር። መቀንጨር በፍራፍሬ እጦት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የእናት ጤና፣ የውሃ ንጽሕና፣ የወተትና የእንቁላል ጉዳይ ሁሉ አለበት። ይሁን እንጂ ምርት በመኖሩ ብቻ ልጅ ይጠግባል የሚለው ግምት ትክክል እንዳልሆነ ቁጥሩ ይናገራል። ትርፍ አምራች በሚባሉ ወረዳዎችም የቀነጨሩ ልጆች አሉ፤ ምርቱ የሚሄድበት መንገድና የልጁ አፍ የሚገናኙት ቤተሰቡ ሲያስብበት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንመለስ። ጁስ በአንድ ስም ቢጠራም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፍሬው ተጨምቆ ውሃው ብቻ የሚወጣበት፣ አሰሩ ወይም ፋይበሩ ግን የሚጣልበት ነው። ሁለተኛው ፍሬው እንዳለ ተፈጭቶ ወፍራም ሆኖ የሚቀርብበት ነው። የእኛ ሀገር ጁስ ቤት በአብዛኛው የሚሠራው ሁለተኛውን ነው። አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ተራ በተራ ተደራርበው በብርጭቆ የሚወርዱበት ስፕሪስ በማንኪያ እስከ መበላት የሚደርስ ነው። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ጁስ ቤት ብዙ ከሚወራላቸው የውጭ ሀገር የጭማቂ ዓይነቶች የተሻለ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ አሰሩ አልተጣለምና።

አሰር ምን ያደርጋል? በፍሬው ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ሆድን ያጠግባል፤ ድርቀትን ይከላከላል። አንድ መካከለኛ ብርቱካን ሲበላ ወደ 12 ግራም ስኳርና ወደ 3 ግራም አሰር ይገኝበታል። አንድ ትልቅ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ለማግኘት ሦስት ወይም አራት ብርቱካን ይጨመቃል፤ ስኳሩ ከ20 ግራም በላይ ሲሆን አሰሩ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሦስት ብርቱካን ልጦ ለመብላት የሚፈጀውን ጊዜና የሚሰማንን ጥጋብ፣ ያንኑ በሁለት ትንፋሽ ከመጠጣት ጋር ያነጻጸረ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት ሐኪም አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ2013 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ከ187 ሺህ በላይ አሜሪካውያን የጤና ባለሙያዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል። ፍሬን እንዳለ አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ሲገኝ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ አዘውትረው የሚጠጡት ግን ዕድላቸው ከፍ ብሎ ታይቷል። ፍሬው ያው ፍሬ ነው፤ የተለወጠው አወሳሰዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከፍሬ ተጨምቆ በወጣ ጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳር ከሻይ ስኳር ጋር በአንድ መደብ ይቆጥረዋል። በፍሬው ውስጥ እንዳለ የሚበላውን ግን እዚያ ውስጥ አያስገባም።

ታዲያ ሀገርኛው ጁስ አሰሩን ካልጣለ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ስኳሩ ላይ ነው። የበሰለ ማንጎ በራሱ ከበቂ በላይ ጣፋጭ ሆኖ ሳለ ማሽኑ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይጨመራል፤ በላዩ ቀይ ሽሮፕ ይንቆረቆራል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወደ 25 ግራም ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከዚህ ባይበልጥ ይመረጣል ያለው መጠን ደግሞ 25 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ «ለጤናዬ» ብሎ ጁስ ያዘዘ ሰው የቀኑን ስኳር ገና ሻይ ሳይጠጣ ጨርሷል ማለት ነው። ጁስ ቤት ገብቶ «ያለ ስኳር» ብሎ ማዘዝ ነውር አይደለም። ስኳሩ ብዙ ጊዜ የሚገባው ያልበሰለውን ወይም ውሃ የበዛበትን ፍሬ ለመሸፈን ስለሆነ፣ ያለ ስኳር የታዘዘ ጁስ የቤቱንም ፍሬ ይፈትነዋል።

በይፋት ጁስ በብዛት የሚጠጣባቸው ሁለት ወቅቶች አሉ። አንዱ የረመዳን ወር ነው፤ በኢፍጣር ሰዓት ከቴምሩ ቀጥሎ ብዙ ቤት የሚቀርበው ጁስ ነው። ሌላው ዐቢይ ጾም ነው፤ ወተትና ቅቤ በማይነካበት ጊዜ አቮካዶው የቅባት ምትክ ሆኖ ያገለግላል። ሁለቱም መልካም ልማዶች ናቸው። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሲጾም የዋለ የስኳር ሕመምተኛ በአንድ ጊዜ የሚወስደው ስኳር የበዛበት ብርጭቆ ሊጎዳው እንደሚችል ቤተሰቡ ማወቅ አለበት። በተቃራኒው ደግሞ መድኃኒት የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ወርዶ ላብ ላብ ሲለው፣ ሲንቀጠቀጥና ሲደነጋገር ግማሽ ብርጭቆ ጣፋጭ ጭማቂ ሕይወቱን ሊታደግ ይችላል። አንዱ ብርጭቆ እንደ ሰዓቱ ጠላትም ወዳጅም ነው።

ስለ «ፍቱን መድኃኒትነቱ» የሚወራውንም በዝምታ ማለፍ አንችልም። ፍራፍሬ በሽታን እንደሚያድን ዓለም ያወቀው በእርግጥ በአንድ ታዋቂ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ድዳቸው እየደማ፣ ጉልበታቸው እየከዳቸው በመርከብ ላይ የወደቁ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈለና ለየጥንዱ የተለያየ ነገር ሰጠ። በየቀኑ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ተነሡ። በሽታው ስከርቪ ይባላል፤ መንስኤው የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው። ሩቅ ታሪክ የሚመስለው ካለ፣ በ1970ዎቹ በድርቅና በጦርነት ተሰደው በሶማሊያና በሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ወገኖቻችንም በዚሁ በሽታ ተይዘው እንደነበር እናስታውሳለን። እህል ነበራቸው፤ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ግን አልነበራቸውም።

የሊንድ ታሪክ ቀጣይ ክፍል ለእኛ የበለጠ ትምህርት አለው። ሐኪሙ ጭማቂው በመርከብ ላይ እንዲቆይ በማሰብ በእሳት አትንኖ አወፈረው። ሙቀቱ ግን ቫይታሚን ሲውን አጠፋውና ያ የተንተከተከ ጭማቂ እንደ ትኩሱ ፍሬ ሊሠራ አልቻለም። ዛሬም ጠዋት የተፈጨ ጁስ ሙቀት ባለበት ጠረጴዛ ላይ ውሎ ማታ ሲጠጣ ቫይታሚኑ እየቀነሰ፣ ጀርሙ እየበዛ ይሄዳል። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። ጁስ እንደተፈጨ መጠጣት አለበት የሚባለውም ለዚህ ነው።

ስከርቪን ሎሚ ያድነዋል፤ የደም ግፊትንና የስኳር ሕመምን ግን ጁስ አያድናቸውም። ቀይ ሥር የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ሐኪም ያዘዘውን ክኒን ይተካል ያለ ጥናት ግን የለም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ በፖታሲየም የበለጸጉትን የሙዝ፣ የአቮካዶ፣ የቲማቲምና የብርቱካን ጁሶች በብዛት ቢወስድ ልቡን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ክኒኑን ትቶ በጁስ «ለመታከም» የሞከረ ሰው ወደ ጤና ተቋም የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ግፊቱ ራሱን ካዞረው ወይም ስኳሩ ከጣሪያ በላይ ከወጣ በኋላ ነው። በስልክ የሚዛመተውን መልእክት የሚጽፈው ሰው ያን ጊዜ አጠገቡ አይገኝም።

ከአፈ ታሪኩ ይልቅ በእርግጠኝነት የምናውቀው ጥቅም በቂያችን ነው። መቶ ግራም የበሰለ ፓፓያ ወደ 60 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ አለው፤ ይህም አንድ አዋቂ ለቀኑ የሚያስፈልገውን ይሸፍንለታል። ዘይቱን ከዚህም ሦስት እጥፍ የሚበልጥ አለው፤ እኛ ግን ለልጆች መጫወቻ ትተነዋል። ቢጫ ሥጋ ያላቸው ማንጎና ፓፓያ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይይዛሉ፤ አያቶቻችን ዳፍንት የሚሉት በጨለማ አለማየት የሚመጣው በዚህ ቫይታሚን እጥረት ነው። ይህ ንጥረ ነገር ከጥቂት ቅባት ጋር ሲሆን የበለጠ ይዋሃዳል። ስለዚህ ፓፓያን ከአቮካዶ ጋር ደርቦ ማቅረብ፣ ጁስ ቤቱ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ሳይንሱን የተከተለ ነው።

ለይፋት ልዩ የሆነ ሌላ ነገርም አለ። አካባቢው በማሾ የታወቀ ነው፤ ማሾ በምርት ገበያ የሚገበያይ የኤክስፖርት ሰብል ሆኗል። ማሾም ሆነ ጤፍ ብረት አላቸው፤ ነገር ግን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይቀበለውም። በዚያው ማዕድ ላይ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም አንድ ቁራጭ ፓፓያ ሲታከል ብረቱ የሚገባበት መጠን ይጨምራል። ምግቡን ተከትሎ ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ ይቀንሰዋል። ነፍሰ ጡሯ እናት ከማሾ ወጡ በኋላ ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል አዘግይታ፣ በምትኩ ሎሚ የተጨመቀበት ፓፓያ ብትበላ የደም ማነስን ለመከላከል ይረዳታል። ለዚህ ማሽንም መብራትም አያስፈልግም።

ስለ ሕፃናት ብቻውን ቆሞ መነገር ያለበት ነገር አለ። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ ነው፤ ውሃም ጁስም አይሰጥም። ከስድስት ወር በኋላ በደንብ የበሰለ ፓፓያ፣ ማንጎ ወይም አቮካዶ በታጠበ ሹካ ተደቁሶ ብቻውን ወይም ከገንፎ ጋር ይሰጠዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር ዓመት ያልሞላው ልጅ የፍራፍሬ ጭማቂ እንዳይሰጠው ይላል። ጭማቂ የልጁን ትንሽ ሆድ በስኳርና በውሃ ሞልቶ ገንፎውንና ወተቱን ያስተወዋልና። በጡጦ የተሞላ ጁስ ይዞ የሚተኛ ልጅ ጥርሱም ገና ሳይጠና ይበላሻል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቀበሌው በሚያሳዩት የምግብ አዘገጃጀት ላይ የአካባቢው ፓፓያና ማንጎ እንደ ዱቄቱ ሁሉ ቋሚ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

የንጽሕናው ጉዳይ ከስኳሩ የባሰ አስቸኳይ ነው። ጥሬውን የሚፈጭ አትክልት እሳት አይነካውም። ሰላጣው፣ ካሮቱና ቲማቲሙ የጠጣው የወንዝ ውሃ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ አንዳንዴም መጸዳጃ የሚሆን ነው። በክልላችን በቅርብ ዓመታት ኮሌራ ተከስቶ እንደነበር አይዘነጋም፤ ታይፎይድና የሆድ ጥገኛ ትላትልም ከጎረቤታችን ርቀው አያውቁም። ስለሆነም አትክልቱ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ፣ ለጁስ የሚጨመረው ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በውሃ ማከሚያ የታከመ መሆን፣ በረዶውም ከዚያው ውሃ መሠራት አለበት። ማሽኑ ከእያንዳንዱ ጁስ በኋላ ምላጩ ተፈትቶ ካልታጠበ ጠዋት የገባው ጀርም ቀኑን ሙሉ ሲያድል ይውላል። ውሃ በሌለበት ቀን ጁስ ቤቱ ምን አድርጎ እንደሚያጥብ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ግን ብዙ አላየንም።

ከዚህ ጋር የርጭቱ ጉዳይ ይነሣል። የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳ በፀረ ተባይና በፀረ ፈንገስ ኬሚካል ሲረጭ፣ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማው ድረስ መጠበቅ ያለበት የቀን ብዛት በዕቃው ላይ ተጽፎ ይገኛል። የጽሑፉ ቋንቋ አርሶ አደሩ የማያነበው በመሆኑና ገበያው ጥሩ ሲሆን ማንም መጠበቅ ስለማይፈልግ ብዙ ጊዜ አይከበርም። ዛሬ ተረጭቶ ነገ የተለቀመ ቲማቲም በጥሬው ተፈጭቶ «የጤና ጁስ» ሲባል ማሰብ ይከብዳል። መታጠብ የተወሰነውን ያስወግዳል እንጂ ሁሉንም አያነጻውም። ስለዚህ ይህ የሸማቹ ብቻ ሳይሆን በቅድሚያ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የኬሚካል ሻጩ ኃላፊነት ነው። የባዶ ኬሚካል ዕቃን ለመጠጥ ውሃ ወይም ለጁስ መያዣ ማዋልማ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም፤ ሆኖም ይደረጋል።

አሁን ወደ ጓሮውና ወደ ቢሮው እንሂድ። የግብርና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት በፍራፍሬ የተሸፈነውን ሄክታርና ለገበያ የቀረበውን ኩንታል ይቆጥራል። የጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት የተመዘኑና የምግብ እጥረት የታየባቸውን ሕፃናት ይቆጥራል። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ከአንድ ቤት የማንጎ ዛፍ ስንቱ በዚያው ቤት እንደተበላ ግን የሚቆጥር የለም። አርሶ አደሩም በዚሁ ዓይን ነው የሚመዘነው፤ ሞዴል የሚባለው ብዙ የሸጠ ነው። ገንዘብ ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ ከዚያ ገንዘብ ደግሞ እንቁላልና ወተት ቢገዛበት ደስ ባለን። ነገር ግን ምርጡን ፍሬ በደላላ ዋጋ ሸጦ ለልጁ ብስኩትና ለስላሳ ገዝቶ የሚገባ አባት ሁለት ጊዜ ከስሯል። በነገራችን ላይ በየወረዳው ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ የሚደረደረውም ያው ለስላሳ ነው። ስለ ሥርዓተ ምግብ በሚመክር አዳራሽ ውስጥ ፓፓያ ተቆርጦ ቢቀርብ በጀቱ አይናጋም።

ምርት በአንድ ጊዜ ሲደርስ የሚሆነውም ይታወቃል። ማንጎው ባንድ ሰሞን ይበስላል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ ቲማቲሙም በተመሳሳይ ማሳ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የተጎዳውና ከመጠን በላይ የበሰለው ፍሬ ለከብት ይሰጣል ወይም ይጣላል። የጁስ ሥራ እውነተኛ ቦታው እዚህ ላይ ነበር። የይፋት ወንዞች ወደ አዋሽ የሚገቡ ናቸው፤ በዚያው በአዋሽ ተፋሰስ የመርቲ ፋብሪካ የቲማቲም ድልህና ማርማላታ እያመረተ በመላ ሀገሪቱ ታውቋል። ሸዋ ሮቢት ላይ የዚያን ያህል ፋብሪካ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ንጹሕ ውሃና ማቀዝቀዣ ቢመቻችላቸው፣ ለገበያ መልክ የሌለውን ግን ጤነኛ የሆነውን ማንጎ ገዝተው ያለ ስኳር ለመንገደኛ ሊፈጩ ይችላሉ፤ በዚህ መንገድ በቀን የሚያልፈው አውቶቡስ ለገበያ አያንስም። መብራት ለሌለው ቀበሌ ደግሞ ፀሐዩ አለ። ማንጎን በስሱ ቆርጦ፣ ከዝንብ በሚከላከል ስስ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ማድረቅ ይቻላል። ሥጋን ቋንጣ ማድረግ ለሚያውቅ ሕዝብ የማንጎ ቋንጣ ሊከብደው አይገባም። ሲደርቅ ቫይታሚን ሲው ይቀንሳል፤ ቢጫው ንጥረ ነገርና አሰሩ ግን በብዛት ይቀራሉ።

ጓሮውን በተመለከተ ፓፓያ ለድሃ ቤተሰብ የተመቸ ተክል ነው። ችግኙ ከተተከለ ከአንድ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ያፈራል፤ ቦታ አያጣብብም፤ ውሃ የሚተኛበት መሬት ካልሆነ ብዙ አያስቸግርም፤ የይፋትን ሙቀት ይወደዋል። ወንዱና ሴቱ የሚለዩት ሲያብቡ ስለሆነ በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ችግኝ ተክሎ በኋላ ማሳሳት ያስፈልጋል፤ አንድ ብቻ ተክሎ ወንድ የወጣበት ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ ይነቅለዋል። ማንጎ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሆኖም ከዘር ከሚበቅለው ይልቅ የተዳቀለው ችግኝ በሦስትና በአራት ዓመት ፍሬ ይሰጣል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የተሻሻሉ የፍራፍሬ ዝርያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል፤ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልም በሸዋ ሮቢት የሙከራ ጣቢያ አለው። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ከሚተከለው ችግኝ መካከል ባሕር ዛፉና ግራቪሊያው ጥቂት ቦታ ለቀው፣ ለእያንዳንዱ ሕፃን ላለበት ቤት ሁለት ፓፓያና አንድ የተዳቀለ ማንጎ እንዲደርስ ማድረግ ከወረዳ አቅም በላይ አይደለም። ችግኙን የግብርናው ባለሙያ ቢያስረክብ፣ ፍሬውን ማን እንደበላው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቤት ለቤት ጉብኝቷ ብትጠይቅ ሁለቱ ሪፖርቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ይገናኛሉ።

ትምህርት ቤቶችም አሉ። በቆላው ያሉ ትምህርት ቤቶች ሰፊ ግቢ፣ የጥላ ችግርና የተራቡ ተማሪዎች አሏቸው። የጥላው ዛፍ ማንጎ ቢሆን ሦስቱም በአንድ ተክል ይነካሉ።

ማሽኑ ላለው ሰውም የምንለው አለን። ግማሽ የበሰለ ፓፓያ፣ አንድ ማንጎ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ብርጭቆ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፤ ወንፊት የለም፣ ስኳር የለም። ለሦስት ሰው ይበቃል። ቀይ ሥርና ካሮት የሚወድ ሰው በደንብ ልጦና አጥቦ ከብርቱካን ጋር ይፍጨው፤ ሽንቱ ቀይ ቢሆን አይደንግጥ፣ ከቀይ ሥሩ ነው። መብራት ከጠፋ ማንጎውን በእጁ አሽቶ ጫፉን ቀድዶ ይምጠጠው፤ የቆላ ልጆች ማሽን ሳይመጣ ጀምሮ የሚያውቁት ጁስ ይህ ነው።